የዘመድ ሐቅና የሕዝብ አማና



አንበሳሜን ለማታውቋት፣ ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር ስትጓዙ ሐሙሲት ላይ ወደ ቀኝ ታጥፋችሁ የምትደርሱባት፣ ከጣና ሐይቅ በስተምሥራቅ ያለች የደራ ወረዳ ዋና ከተማ ናት። እንደ አንበሳሜ ባለች የወረዳ ከተማ በገበያ ቀን ሰው ከሚሰበሰብባቸው ቦታዎች አንዱ የማስታወቂያ ሰሌዳ ነው። ከገጠር የመጣ አባት እህሉን ከሸጠ በኋላ ልጁን አስከትሎ ሰሌዳው ሥር ይቆማል። የተለጠፈው ወረቀት ለትምህርት ቤቶች ጸሐፊ፣ የቤተ መጻሕፍት ሠራተኛ፣ ንብረት ያዥ፣ ጥበቃ ወይም መምህር እንደሚፈለግ የሚገልጽ ነው። ልጁ ጮክ ብሎ ያነባል፤ የትምህርት ደረጃ፣ የሥራ ልምድ፣ ደመወዝ፣ የምዝገባ ቀን። አባት ጸጥ ብሎ አዳምጦ ሲያበቃ አንድ ነገር ብቻ ይጠይቃል፦ «ለማን ተብሎ የወጣ ነው?»

ይህን የማነሣው አንበሳሜን ለይቼ ለመውቀስ አይደለም። ጥያቄው በደሴም፣ በጅማም፣ በአዲስ አበባም ይሰማል። እኔን ይበልጥ ያሳሰበኝ የጥያቄው ዕድሜ ነው። ከሰሌዳውም፣ ከወረቀቱም፣ ከትምህርት ጽሕፈት ቤቱም ይበልጣል። ስለዚህ እስኪ ወደ ኋላ መለስ ብለን ከየት እንደመጣ እንመልከት።

በድሮው የአገራችን ሥርዓት ሹመትም ሆነ ሥራ የሚገኘው በደጅ ጥናት ነበር። ሥራ ፈላጊው ከጌታው ደጅ ወራት፣ አንዳንዴም ዓመታት ይቆማል፤ አማላጅ ይልካል፤ እጅ መንሻ ያቀርባል። የሚቀርብለት ጥያቄ «ምን ታውቃለህ?» ሳይሆን «የማን ልጅ ነህ?» የሚል ነው። በእርግጥ ፍርዳችን ሚዛናዊ እንዲሆን ያህል፣ ያ ዘመን የምስክር ወረቀትም ሆነ የሠራተኛ መዝገብ ያልነበረበት ዘመን እንደነበረ ማስታወስ ይገባል። ጌታው የሚያምነው የሚያውቀውን ነው፤ የሚያውቀው ደግሞ ዘመዱን ነው። ዘመዱን ያልሾመ ሰው ቸር ሳይሆን ንፉግ ይባል ነበር። «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» የሚለው ተረት የተወለደው ከዚህ ቤት ነው።

በእንዲህ ዓይነት ሥርዓት ዘመድ የሌለው ሁሉ ይጎዳል። በጣና ዙሪያ የነበረው ሙስሊም ደግሞ ይበልጥ ተጎጂ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1668 በዐፄ ዮሐንስ ቀዳማዊ ዘመን ጎንደር ላይ የተሰበሰበው ጉባኤ ሙስሊሞች ከክርስቲያኑ ተለይተው እንዲኖሩ ወሰነ። ከርስት መሬት የተገለለው ሙስሊም በሽመናና በንግድ ኖረ። ርስት የሌለው ሰው ባለሥልጣን ዘመድ ከየት ያመጣል? በኋላም ዘመናዊ ትምህርት ሲመጣ፣ የዳግማዊ ምኒልክ ትምህርት ቤት የመጀመሪያዎቹ መምህራን ከግብፅ የመጡ ኮፕቶች ነበሩ፤ የትምህርት ሚኒስቴርም እ.ኤ.አ. በ1930 ተቋቋመ። ብዙ ሙስሊም ወላጆች ለልጆቻቸው ሃይማኖት ሰግተው ልጆቻቸውን ከቁርኣን ቤት አላወጧቸውም። ስጋታቸው ያለ ምክንያት አልነበረም፤ ግን ዋጋ አስከፈለ። ዘመድ በሚጠየቅበት ጊዜ ዘመድ አልነበረንም፤ ወረቀት መጠየቅ ሲጀምር ደግሞ ወረቀት አልነበረንም።

ወረቀት መጠየቅ የጀመረው መቼ ነው? በሕግ ደረጃ ትልቁ እርምጃ የተወሰደው እ.ኤ.አ. በ1961 ነው። ከታኅሣሥ 1953ቱ የመፈንቅለ መንግሥት ሙከራ በኋላ ዓመት ሳይሞላ ገደማ 23 ቁጥር ትእዛዝ ወጣና የማዕከላዊ ሠራተኞች አስተዳደር ኤጀንሲ ተቋቋመ። በቀጣዩ ዓመትም የመንግሥት ሠራተኞች ደንብ ተከተለ። የደንቡ ሐሳብ ቀላል ነበር፤ የሥራ ቦታ የሹሙ የግል ንብረት አይደለም፤ ደረጃ አለው፤ ደመወዙ የታወቀ ነው፤ የሚይዘውም ችሎታው ታይቶ ነው። በወረቀት ላይ የደጅ ጥናት ዘመን በዚያን ቀን አበቃ ማለት ይቻላል። በተግባር ግን ሙስሊሙ ከመንግሥት መሥሪያ ቤት ደጅ ውጭ እንደቆመ 13 ዓመት አለፈ። ሚያዝያ 12 ቀን 1966 ዓ.ም በአዲስ አበባ አደባባይ የወጣውን፣ መቶ ሺህ ያህል ሰው እንደተሳተፈበት የሚነገርለትን ሰልፍ አባቶቻችሁ ነግረዋችሁ ይሆናል። ክርስቲያን ወገኖችም አብረው ተሰልፈዋል። ከተነሡት ጥያቄዎች መካከል በዓሎቻችን እንዲከበሩ የሚለው ይበልጥ ይታወሳል፤ ከዚያ ጎን ግን በመንግሥት ሥራ እኩል የመግባት ጥያቄም ነበረ። በዓሎቹ በዓመቱ ታወቁ። የሥራው በር ቀስ በቀስ ተከፈተ።

እዚህ ላይ ነው መጠየቅ የምፈልገው። «የማን ልጅ ነህ?» በሚል ጥያቄ ለዘመናት በር የተዘጋበት ሰው፣ በሩ ሲከፈትለትና አንድ ወንበር ሲያገኝ የሚጠይቀው ምንድን ነው? አንዳንዶቻችን ያንኑ ጥያቄ አቧራውን አራግፈን እንጠይቃለን። ስንጠየቅ ደግሞ መልስ አለን፦ «ሲለቱ ረሒም አይደለም እንዴ? ዘመድን መርዳት ኢባዳ አይደለም እንዴ?»

ነው እንጂ! ግን ከየትኛው ኪስ?

በኢማም ሙስሊም የሐዲስ ስብስብ ውስጥ የሚገኝ አንድ ታሪክ አለ። ረቢዓ ኢብኑል ሓሪስና አል-ዐባስ ልጆቻቸው ለአቅመ አዳም ደርሰው መዳሪያ ቸግሯቸው ነበር። እነዚህን ሁለት ወጣቶች ወደ ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) ብንልካቸውና በዘካ ሰብሳቢነት ቢቀጥሯቸው፣ እንደ ማንኛውም ሠራተኛ ሠርተው እንደ ማንኛውም ሠራተኛ ደመወዝ ቢያገኙ ተባባሉ። ልብ በሉ፤ በነጻ ይሰጣቸው አላሉም። ዐሊይ (ረ.ዐ.) በመካከል ደርሶ አትድከሙ፣ አያደርጉትም ሲላቸው ቀንተህብን ነው ብለው ተቆጡት። ወጣቶቹ አል-ፈድልና ዐብዱል ሙጦሊብ ዙህርን ከሰገዱ በኋላ ከነቢዩ ቤት ደጅ ቆመው ጠበቁ። እርሳቸውም መጥተው በፍቅር ጆሯቸውን ይዘው በልባችሁ ያለውን አውጡት አሏቸው። ወጣቶቹ አፍረው አንተ ተናገር፣ አንተ ተናገር ተባባሉ። በመጨረሻ ጉዳያቸውን ሲያቀርቡ ነቢዩ ለረጅም ጊዜ ዝም አሉ። ከዚያም ሶደቃ ለሙሐመድ ቤተሰብ እንደማይገባ ነግረዋቸው ሥራውን ከለከሏቸው።

ታሪኩ ግን እዚህ አያበቃም። ወዲያውኑ የኹሙስ ኃላፊ የነበረውን መሕሚያንና ነውፈልን አስጠርተው፣ ሁለቱ ሰዎች ልጆቻቸውን ለወጣቶቹ እንዲድሩ አደረጉ፤ መህሩም ከኹሙስ እንዲከፈል አዘዙ።

እውነት ነው፤ የዚህ ሐዲስ ሕግ የነቢዩን ቤተሰብና ዘካን የሚመለከት ልዩ ሕግ ነው። ዓሊም ወንድሞቼ ከቦታው እንዳላወጣው ይጠብቁኛልና ስለ ወረዳ ቅጥር የተነገረ ነው አልልም። ነገር ግን አኳኋኑን ተመልከቱ። የዘመዶቻቸው ችግር እውነተኛ ነበር፤ ያንን ችግር በዚያው ቀን ፈቱት። የፈቱት ግን ለዘመድ ከተመደበው ድርሻ እንጂ ከሕዝቡ ሥራ አልነበረም።

ሌላም አለ። አቡ ሙሳ አል-አሽዐሪይ (ረ.ዐ.) ከሁለት ዘመዶቹ ጋር ወደ ነቢዩ ገባ። አንዱ በቀኙ፣ አንዱ በግራው ነበሩ። ሁለቱም ሹመት ጠየቁ። አቡ ሙሳ ደነገጠ፤ በልባቸው ይህ እንዳለ አላወቀምና ለነቢዩ ይህንኑ ተናገረ። ነቢዩም ይህን ሥራ ለፈለገው አንሰጥም ብለው ሁለቱን መለሷቸው፤ ሳይጠይቅ የቆመውን አቡ ሙሳን ግን ወደ የመን ሾመው ላኩት። ስንቶቻችን ነን ሰው ይዘን ወደ አንድ ቢሮ ስንገባ የአቡ ሙሳን ድንጋጤ የምንደነግጠው? እንዲያውም ለዚያው ብለን ነው የምንገባው።

ዑመር ኢብኑል ኸጧብን (ረ.ዐ.) ደግሞ አትርሷቸው። ለቀደምት ሙሃጂሮች በዓመት 4,000 ሲመድቡ ለልጃቸው ለዐብዱላህ 3,500 ብቻ ወሰኑለት። እርሱም ሙሃጂር አይደለም ወይ ሲባሉ፣ የተሰደደው ከወላጆቹ ጋር ነውና በራሱ እንደተሰደደው አይሆንም አሉ። በ23ኛው ዓመተ ሂጅራ በጩቤ ተወግተው ሞትን ሲጠባበቁ ቀጣዩን ኸሊፋ የሚመርጡ 6 ሰዎች ሰየሙ። ልጃቸው በምክክሩ እንዲገኝ፣ ከሥልጣኑ ግን ምንም ድርሻ እንዳይኖረው አዘዙ። የአጎታቸው የልጅ ልጅ የነበረውን ሰዒድ ኢብኑ ዘይድንም፣ ጀነት ከተበሰሩት ዐሥሩ አንዱ ሆኖ ሳለ፣ ከስድስቱ አላስገቡትም።

«እና ብቃት ያለው ዘመድ ምን ይሁን? በዘመድነቱ ይቀጣ?» የምትሉ አላችሁ። ጥያቄው ተገቢ ነው። ነቢዩ ሙሳ (ዐ.ሰ.) ወንድማቸው ሃሩን አጋዣቸው እንዲሆን ጌታቸውን ለምነው ተፈቅዶላቸዋል። ሲለምኑ ግን ዘመድነቱን ደብቀው አይደለም፤ ወንድሜ ነው ብለው ተናግረዋል። ምክንያቱንም ሰጥተዋል፤ ከእኔ ይልቅ አንደበቱ የተፍታታ ነው ብለዋል። ወሳኙም እርሳቸው አልነበሩም። ዝምድናው ተገልጿል፣ ብቃቱ ተነግሯል፣ ውሳኔው የሌላ ነበር። ስለ ዘመድ ቅጥር የወጡ የዘመናችን ሕጎች ሁሉ ቢፈተሹ ከነዚህ ሦስት ነገሮች ብዙም አይርቁም።

ስለ ዘመናችን ሕግ ካነሣን፣ ፈረንጆች ለዚህ ነገር ያወጡለት ስም የመጣው በጣልያንኛ የወንድም ወይም የእህት ልጅ ከሚለው ቃል ነው። ምክንያቱ የሮማ ፓፓዎች የወንድምና የእህት ልጆቻቸውን ካርዲናል አድርገው ይሾሙ ስለነበር ነው፤ ፓፓ ኢኖሰንት 12ኛ እ.ኤ.አ. በ1692 በአዋጅ ከለከሉት። ቻይናዎች ደግሞ ከዚያ በፊት ሹምን በተወለደበት አገር አይመድቡም ነበር። ለእኛ ጉዳይ ይበልጥ የሚቀርበው ግን የአሜሪካው ቴክሳስ ሕግ ነው። በዚያ አገር ትምህርት ቤቶችን የሚያስተዳድረው በአካባቢው ሕዝብ የተመረጠ ቦርድ ነው። እ.ኤ.አ. ከ1907 ጀምሮ ባለው ሕግ ባለሥልጣኑ እስከ ሦስተኛ ደረጃ የደም ዘመዱን፣ እስከ ሁለተኛ ደረጃ የጋብቻ ዘመዱን መቅጠር አይችልም። ልጅ አንደኛ፣ ወንድም ሁለተኛ፣ የእህት ልጅ ሦስተኛ ተብሎ ይቆጠራል። የአጎት ልጅ አራተኛ ነውና ያመልጣል።

ይህን ሳነብ ሳቄ መጣ። እኛ አገር ሽማግሌ ለጋብቻ ሲቀመጥ እስከ ሰባት ቤት ይቆጥራል! በአያት፣ በቅድመ አያት፣ በምንጅላት እያለ ሲወርድ ማንም አያመልጠውም። ለጋብቻ ሰባት ቤት የምንቆጥር ሰዎች ለቅጥር ሲሆን አንድ ቤት እንኳ መቁጠር ያቅተናል።

የወረዳ ከተማ ላይ ደግሞ ነገሩ ይበልጥ ይከብዳል። በ1994 ዓ.ም የወረዳ ያልተማከለ አስተዳደር ሥራ ላይ ሲውል አማራ ክልል ከመጀመሪያዎቹ አንዱ ነበር። ወረዳዎች የራሳቸውን በጀት ማስተዳደር፣ መምህራንና የትምህርት ቤት ሠራተኞችን መቅጠር ጀመሩ። ከወረዳ በጀት ትልቁን ድርሻ የሚወስደውም የትምህርት ደመወዝ ነው። ይህ መልካም ነገር ነበር። የደራ ልጅ ለአንድ የጸሐፊነት ቦታ ደብረ ታቦር ወይም ጎንደር ድረስ መንከራተቱ ቀረለት። ቅርበት ግን ሌላም ፊት አለው። በትንሽ ከተማ የቅጥር ኮሚቴ የሚሆኑት አምስት ሰዎች ከአመልካቾቹ ግማሹን ያውቃሉ፤ በደም ባይዛመዱ በአማችነት፣ በጡት፣ በዕድር፣ በዕቁብ፣ በአንድ ሰፈር ልጅነት ይዛመዳሉ። ከሩቅ ቢሮ የሚመጣ ሰው ስምህን እንጂ እናትህን አያውቅም። የሰፈርህ ሰው እናትህን ያውቃታል፤ ለቅሶ ላይ ትጠብቀዋለች።

ለዚህ ነው ሕጉ በውድድር ላይ የሙጥኝ ያለው። በዚያው በ1994 የወጣው የፌዴራል መንግሥት ሠራተኞች አዋጅ ቁጥር 262፣ እርሱን የተካው የ1999ኙ 515፣ ከዚያም የ2010ሩ 1064፣ ክልሎችም ያወጧቸው ተመሳሳይ አዋጆች ይህንኑ ደጋግመዋል። ክፍት ቦታ በማስታወቂያ ይገለጻል፤ ቦታው የሚሰጠው መስፈርቱን አሟልቶ ከሌሎች ተወዳዳሪዎች ብልጫ ላገኘ ነው፤ በብሔር፣ በጾታ፣ በሃይማኖትና በፖለቲካ አመለካከት ልዩነት ማድረግ ክልክል ነው። በ1996 ዓ.ም የወጣው የወንጀል ሕግና በ2007 የወጣው የሙስና ወንጀሎች አዋጅ ቁጥር 881 ደግሞ በሥልጣን አላግባብ መገልገልን ሲደነግጉ ጥቅሙ ለራስ ብቻ መሆን እንደሌለበት፣ ለሌላ ሰው ማስገኘትም ወንጀል እንደሆነ ይገልጻሉ። «እኔ እኮ አምስት ሳንቲም አልበላሁም» የሚለው መከላከያ እዚህ ላይ አይሠራም። የእህትህ ልጅ በልቷል።

ታዲያ ሕጉ እያለ በሩ እንዴት ይከፈታል? የጽሑፍ ፈተና ሲለጠፍ ሁሉም ያየዋል፤ እዚያ ላይ መንካት ያስፈራል። የሚነካው ቃለ መጠይቁ ነው። በጽሑፍ አንደኛ የወጣው በቃለ መጠይቅ ሦስተኛ ይሆናል፤ «ራስን የመግለጽ ችሎታ» የሚባል ነጥብ ለማንም ተነግሮ አያልቅምና። አንዳንዴ ደግሞ ማስታወቂያው ሲጻፍ መስፈርቱ በአንድ ሰው ልክ ይሰፋል። ያ የአንበሳሜ አባት «ለማን ተብሎ ነው?» ሲል ይህን ማለቱ ነው። ቃለ ጉባኤው ግን ንጹሕ ነው፤ አምስት ፊርማና ክብ ማኅተም አለበት።

ይህን ያህል በዝርዝር እንዴት አወቅህ ብትሉኝ፣ ስላደረግሁት ነው።

ነገሩ የሆነው በ1990ዎቹ መጨረሻ ነው። ወረዳውን አልጠራውም፤ ሰውየውም አሁን በሕይወት የለም። እህቴ ከገጠር መጥታ ልጇ በ10+2 ከተመረቀ በኋላ ሁለት ዓመት ሥራ አጥቶ እንደተቀመጠ እያለቀሰች ነገረችኝ። አባቱ ሞቷል። እኔ ባሕር ዳር ደመወዝ የማገኝ ሰው ነኝ፤ ከኪሴ አውጥቼ አነስተኛ ሥራ ላስጀምረው እችል ነበር። ያ ግን ወጪ አለው። ስልክ መደወል ይቀላል። በቅጥር ኮሚቴው ውስጥ የነበረ ወዳጄ ዘንድ ደወልኩና «የእህቴን ልጅ አደራህን» አልኩት። እርሱም «ጣጣ የለውም» አለኝ። ቃሏን ዛሬ ሳስባት ታቃጥለኛለች። አደራ ማለት አማና አይደለምን? አማናን ለማስበላት አማና አልኩት።

ልጁ በትምህርት ቤት ጸሐፊነት ተቀጠረ። እህቴ ዱዓ አደረገችልኝ፤ እኔም ሲለቱ ረሒም የፈጸምኩ መስሎኝ ደስ አለኝ። በዓመቱ ለዒድ ሲመጣ ጨዋታ አንሥቶ፣ በትምህርት ቤቱ በር ላይ ሻይ የምታፈላ ልጅ እንዳለች፣ በዚያ ፈተና ከእርሱ በ11 ነጥብ በልጣ አንደኛ ወጥታ እንደነበር፣ ውጤቱ ሲለጠፍ እርሱም እንዳየው ነገረኝ። በየዋህነት ነው የነገረኝ። ሻዩን በየቀኑ የሚጠጣው ከእርሷ ዘንድ ነው።

ብዙ ቀን ቆይቼ አንድ ሸኽ ጠየቅሁ። እርሳቸውም በእኔና በአላህ መካከል ያለው በተውበት እንደሚጠገን፣ የሰው ሐቅ ግን ባለቤቱ ዘንድ ሳይኬድ እንደማይወርድ ነገሩኝ። «ሂድና ንገራት» አሉኝ። «ምን ይጠቅማታል?» ብላቸው «እርሱን እርሷ ታውቃለች» አሉኝ።

ሄድኩ። ጠዋት ነበር፤ ተማሪዎቹ ክፍል ገብተዋል። ከላስቲክ ዳሱ ሥር በርጩማ ላይ ተቀምጬ ሻይ አዘዝኩና ማን እንደሆንኩ፣ ምን እንዳደረግሁ ነገርኳት። ብርጭቆ ማጠቧን አላቋረጠችም። ጨርሼ ዝም ስል «ልጁ ሥራውን ይችለዋል?» አለችኝ። «ይችለዋል» አልኳት። «እኔም እችለው ነበር» አለችና ሻዩን አስቀመጠችልኝ። ይቅር በይኝ አልኳት። «አስብበታለሁ» አለችኝ። የሻዩን ሒሳብ በአሥር ብር ከፈልኩና መልሱ ይቅር ብላት እንቢ አለች፤ ሳንቲም ሳታጎድል ቆጥራ ሰጠችኝ።

የእህቴ ልጅ ከዚያ በኋላም ብዙ ዓመት እዚያው ሠራ። ልጅቷ ወደ ሐሙሲት መሄዷን ሰምቻለሁ። ያሰበችበትን ግን እስከ ዛሬ አልነገረችኝም።